ፋየርዎሉ በርቶ ሳለ የተሰረዘው ዳታቤዝ

ሳሙኤል ክሌይ የቀን ሥራውን ጨርሶ መጽሐፍ ይዞ ቁጭ ብሏል። ስልኩ ላይ የስህተት መልእክት መጣ። የላከው የራሱ ድረ ገጽ፣ ኒውስብለር ነው። መልእክቱ ረጅምና ግራ የሚያጋባ ነበር፤ መሃሉ ላይ ግን «ድሮፕ» የሚል ቃል አለ። ድሮፕ በዳታቤዝ ቋንቋ ጠቅልለህ አጥፋ ማለት ነው። ከዳታቤዝ ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ይህን ቃል ባላዘዘበት ሰዓት ሲያየው ሆዱ ይላወሳል።

ወደ ሰርቨሩ ገባና የዳታቤዞቹን ዝርዝር ጠየቀ። እሱ ያልፈጠረው አንድ አዲስ ዳታቤዝ ተቀምጧል። ስሙ «ዳታህን ለማስመለስ አንብበኝ» የሚል ነው። ውስጡ ማስታወሻ አለ፦ 0.03 ቢትኮይን ክፈል፣ 48 ሰዓት አለህ፣ አለዚያ ዳታህን ለዓለም እንበትነዋለን።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 2013 ዓ.ም.።

ኒውስብለር የዜናና የብሎግ ጽሑፎችን ከየድረ ገጹ ሰብስቦ በአንድ ቦታ የሚያስነብብ አገልግሎት ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የነበረው ጉግል ሪደር በ2013 (እዚህም ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲዘጋ ብዙ አንባቢ ወደ እሱ ፈልሷል። መሥራቹ ክሌይ ሰርቨሮቹን ራሱ ያስተዳድራል፣ ኮዱንም ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። በዚያ ምሽት የደረሰበትንም ከጥቂት ቀናት በኋላ ከነሰዓቱ ጻፈው። ስህተቱን እንዲህ ዘርዝሮ ለሌላው የሚያስተምር ባለሙያ ትልቅ ውለታ ነው የሚውለው። ለዚህም ነው ይህን ጉዳይ የመረጥኩት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ክሌይ ቸልተኛ አልነበረም። ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የሚያጣራ ጠባቂ፣ ነበረው። ፋየርዎሉ የሚያስገባው የራሱን ሰርቨሮች ብቻ ነበር። ሰርቨሮቹን የሚያዋቅረው በእጁ ሳይሆን አንሲብል በተባለ፣ የተጻፈለትን መመሪያ በራሱ በሚፈጽም መሣሪያ ነው። ባክአፕ ነበረው፣ ባክአፑንም በቅርቡ ፈትሾታል። የሚባለውን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው። ኡቡንቱ ሊኑክስ ያለበት ሰርቨር ተከራይተን፣ የፋየርዎል ማዘዣውን ዩኤፍደብሊው አብርተን፣ ፕሮግራሞችን በየራሳቸው ሣጥን (ኮንቴነር) ለይቶ የሚያስኬደውን ዶከር ጭነን የምንሠራ ሁሉ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆምነው።

የምሽቱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ልጻፈው። ምሽት 12:10 ላይ ክሌይ ሞንጎዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ የያዘውን አዲስ ሰርቨር ዋና አድርጎ ሥራ አስጀመረው። በዚያ ሰሞን ዳታቤዞቹን ሁሉ ወደ ዶከር ኮንቴነር እያዛወረ ነበር። ነባሩን ዋና ሰርቨር አጠፋው፤ ግን አልሰረዘውም። ጥቂት ቀን ልጠብቅና ሁሉም ሰላም ከሆነ እሰርዘዋለሁ ብሎ አቆየው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ምሽት 3:35 ላይ ከማይታወቅ ቦታ አንድ ግንኙነት ተከፈተ። ዳታቤዙ ወዲያው ተሰረዘ። ድረ ገጹ ቆመ።

ሌሊት 4:15 ላይ ማዳኑ ተጀመረ። እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ደንግጠን የምንሳሳተው እዚህ ነው። የጠፋው ነባር ሰርቨር ውስጥ ዳታው እንዳለ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስሜት አብርቶ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል ነው። ነገር ግን የሞንጎዲቢ ሰርቨሮች ቡድን ሆነው ሲሠሩ እርስ በርስ ይቀዳዳሉ። ዘግይቶ የተመለሰው እሱ በሌለበት የተሠራውን ከሌሎቹ መዝገብ ያነባል፣ ያነበበውንም አንድ በአንድ ይፈጽማል። በዚያ ምሽት መዝገቡ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ደግሞ «ሰርዝ» ነው። ነባሩ ሰርቨር ተነስቶ ቢቀላቀል ኖሮ የቀረውን ብቸኛ ትኩስ ቅጂ በገዛ እጁ ሊያጠፋ ይችል ነበር።

ክሌይ ይህን አሰበ። ነባሩን ሰርቨር ከማብራቱ በፊት ሙሉ ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጂ) እንዲነሳለት አደረገ። ስናፕሾቱ እስኪያልቅ ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ። ድረ ገጹ ቆሞ፣ ተጠቃሚ እየጠየቀ፣ አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ግን ወደ ዕለታዊው ባክአፕ ቢሄድ ኖሮ የ18 ሰዓት ያህል ዳታ ይቀርበት ነበር። ከዚያ ቅጂው ወደ አዲሱ ሰርቨር መፍሰስ ጀመረ፤ ሌሊት 10:30 ላይ ኒውስብለር ተመለሰ።

ቤዛውን አልከፈለም። ለምን እንዳልከፈለ ያስረዳበት መንገድም ያስደስተኛል። የዳታቤዙ መጠን 250 ጊጋባይት ገደማ ነው። ይህን ያህል ዳታ ከሰርቨር ሲወጣ የኔትወርኩ ግራፍ ላይ ተራራ ሆኖ ይታያል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እሱ ራሱ ሲያዛውር ተራራው ታይቷል። ስረዛው በተፈጸመበት ሰዓት ግን ግራፉ ላይ እንዲህ ያለ ተራራ የለም። ሎጎቹም የሚያሳዩት የስረዛ ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዳታህ በእጃችን ነው» የሚለው ማስፈራሪያ ውሸት ነበር። ሰርዞ ማስታወሻ ጥሎ የሄደው ሰው እንኳን አልነበረም፤ በራሱ የሚዞር ስክሪፕት ነው።

እንዲህ ያሉ ስክሪፕቶች ሌት ተቀን ኢንተርኔቱን ያስሳሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ዚማፕ የተባለ መሣሪያ፣ በአንድ ማሽንና በጊጋቢት መስመር፣ አንድን ፖርት (ቁጥር ያለው የግንኙነት በር) በመላው የአይፒ ቪ4 የኢንተርኔት አድራሻዎች ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስሳል። የሞንጎዲቢ ፖርት 27017 እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በ2017 መጀመሪያ ላይ በዚሁ ዘዴ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተሰርዘው የቤዛ ማስታወሻ ተቀምጦባቸዋል። ክሌይ ራሱ የገረመው ከሦስት ሰዓት በላይ መቆየቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፋየርዎሉ በርቷል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በሩ እንዴት ተከፈተ?

መልሱን በግቢ ልንገራችሁ። ዋናው በር ላይ ዘበኛ የቆመበት ግቢ አስቡ። ዘበኛው ዝርዝር ይዟል፤ ስሙ የሌለ አይገባም። ግቢው ውስጥ አንድ ተከራይ አለ። ተከራዩ አንድ ቀን ለእንግዶቼ እንዲመቸኝ ብሎ አጥሩን በስቶ ወደ መንገዱ የሚያወጣ የራሱን በር ሠራ። ለዘበኛው አልነገረውም። ዘበኛውን «በሩ ተዘግቷል?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ፣ ማንም አልገባም» ይላችኋል። አልዋሸም። እሱ የሚጠብቀው በር ተዘግቷል።

ወደ ሊኑክስ እንመልሰው። ዩኤፍደብሊው ራሱን የቻለ ፋየርዎል አይደለም። በስሩ ያለውን አይፒቴብልስ በቀላል ቋንቋ የሚያዝ መሣሪያ ነው። አይፒቴብልስ ሕጎቹን በሰንሰለት ነው የሚያስቀምጠው። ወደ ማሽኑ ራሱ የሚመጣ ፓኬት (የዳታ እሽግ) «ኢንፑት» በሚባለው ሰንሰለት ያልፋል። በማሽኑ በኩል ወደ ሌላ ቦታ የሚተላለፍ ፓኬት ደግሞ «ፎርዋርድ» በሚባለው ያልፋል። በዩኤፍደብሊው ይህን ፖርት ፍቀድ፣ ያንን ከልክል ስንል በተለምዶ የምንጽፈው ኢንፑት ላይ ነው።

ዶከር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኮንቴነር ስታስነሱ ይህን ፖርት ለውጭ ክፈትልኝ ካላችሁት፣ ፓኬቱ ገና እንደደረሰ፣ ማንም ሕግ ሳያየው፣ የመድረሻ አድራሻውን የሚቀይር ሕግ ያስገባል። ወደ ሰርቨሩ የመጣው ፓኬት አሁን አድራሻው የኮንቴነሩ ሆነ። ኮንቴነሩ ለማሽኑ እንደ ሌላ ማሽን ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ወደ ፎርዋርድ ይታጠፋል። ኢንፑትን አያየውም። ዩኤፍደብሊው ፎርዋርድ ላይም የራሱ ሰንሰለቶች አሉት፤ ዶከር ግን የራሱን ከላይ አስቀድሞ ያስገባና ይለፍ ይላል። ማስጠንቀቂያ የለም። የዩኤፍደብሊውን ሁኔታ ብትጠይቁ «በርቷል» ይላችኋል፤ 27017 የተፈቀደላቸውም ጥቂት የውስጥ አድራሻዎች ብቻ ሆነው ይታያሉ። አይፒቴብልስን በቀጥታ ከጠየቃችሁ ግን 27017 ለዓለም ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ክሌይ ያገኘው ይህንኑ ነው። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ በዶከር የኮድ ማኅደር ላይ ከ2014 ጀምሮ አቤቱታ ሆኖ ተቀምጧል።

ላያምን ለሚችል ሰው አሥር ደቂቃ የምትፈጅ ሙከራ አለች። አንድ ባዶ ኡቡንቱ ማሽን ተከራዩ። ዩኤፍደብሊው ላይ ወደ ሰርቨሩ ከርቀት ለምትገቡበት ኤስኤስኤች ፖርት 22ን ብቻ ፈቅዳችሁ ሌላውን ሁሉ ከልክሉና አብሩት። ከዚያ ኤንጂንኤክስ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር በኮንቴነር፣ በ8080 ፖርት አስነሱ። የዩኤፍደብሊውን ሁኔታ እዩ፤ የምታዩት 22ን ብቻ ነው። አሁን ስልካችሁን አውጡ። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ የሰርቨሩን አይፒ ከ8080 ጋር ብራውዘር ላይ ጻፉ። የኤንጂንኤክስ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ገጽ ፊታችሁ ይከፈታል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ዩኤፍደብሊው የሚለውን ብቻ አምኖ አይተኛም።

ሞንጎዲቢን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2017 ጥፋት በኋላ አምራቹ 3.6ን ሲያወጣ ዳታቤዙ ሳይጠየቅ ከራሱ ማሽን ውጭ እንዳያዳምጥ አደረገው። ጥሩ ጥበቃ ነው። በዶከር የሚሰራጨው የሞንጎ ምስል (ኮንቴነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ግን ሌላ ነገር ካልነገራችሁት በሁሉም አድራሻ እንዲያዳምጥ አድርጎ ነው የሚያስነሳው። አለዚያ ከኮንቴነሩ ውጭ ማንም ሊደርስበት አይችልማ። ፓስወርድም ካላዘዛችሁ የለውም። ስለዚህ የፋየርዎሉ ቀዳዳ ሲከፈት ከኋላው ሌላ በር ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ አውቶሜሽኑ ልምጣ። ከዚህ ጉዳይ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንሲብልን የምንወደው አንድ ሕግ ጽፈን ለአምስትም ለሃምሳም ሰርቨር እኩል ስለሚያዳርስልን ነው። ፕሌይቡኩን (መመሪያውን የጻፍንበትን ፋይል) ስታስኬዱ እያንዳንዱ ተግባር «እሺ» ወይም «ተቀይሯል» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን እፎይ እንላለን። ግን ያ አረንጓዴ ምን ማለት ነው? የዩኤፍደብሊው ተግባር ዩኤፍደብሊውን ይጠይቃል፣ ሕጉ መጻፉን ያረጋግጣል፣ ያበቃል። የሚጠይቀው ዘበኛውን ነው። በአጥሩ ዞሮ የሚያይ አንድም ተግባር የለም።

ይባስ ብሎ በዚህ ጉዳይ ሁለት አውቶማቲክ እጆች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዱ አንሲብል በዩኤፍደብሊው በኩል፣ ሌላው ዶከር በቀጥታ። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል። አንዱ የሌላውን አያውቅም። የፋየርዎሉ ሕግ በነባሮቹ ሰርቨሮች ላይ፣ ዳታቤዙ ኮንቴነር ሳይሆን፣ ያለምንም እንከን ሠርቷል። ያው ሕግ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲሄድ በወረቀት ላይ ምንም አልተቀየረም፤ ከስሩ ያለው መሬት ግን ተቀይሯል። በእጅ ቢዋቀር ኖሮም ቀዳዳው አይቀርም ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በእጅ የሠራ ሰው ይጠራጠራል። ፕሌይቡክ ያስኬደ ሰው ግን ባለፈው የሠራውን አምኖ ይሄዳል።

ክሌይ ቀዳዳውን ደፈነ። ዳታቤዞቹንም ከኢንተርኔት በቀጥታ ሊደረስባቸው ወደማይችል የግል ኔትወርክ እንደሚያስገባ ተናገረ። ሰርቨሩ የመጀመሪያው የዚያ የግል ኔትወርክ አባል ሊሆን የታሰበ ነበር፤ አጥሩ ሳይታጠር ግን እንግዳው ደረሰ። አቅጣጫው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለዳታቤዝ ሰርቨር የሕዝብ አይፒ አለመስጠት ከማንኛውም የፋየርዎል ሕግ ይበልጣል።

ያ ለጊዜው ለማይቻለው ሰው ግን ፕሌይቡኩ ውስጥ ምን መግባት አለበት?

መጀመሪያ ፖርቱ የሚከፈትበት አድራሻ። ዶከር ላይ 27017:27017 ብቻ ከጻፋችሁ በሁሉም አድራሻ ክፈተው ማለት ነው፣ በአይፒ ቪ6ም ጭምር። ከፊቱ 127.0.0.1 ከጻፋችሁ ግን ከማሽኑ ውጭ አይወጣም። ዳታቤዙን ሌሎች ሰርቨሮች የሚፈልጉት ከሆነ የማሽኑን የግል አይፒ ጻፉ። ያችን አድራሻ አንሲብል ከየሰርቨሩ መረጃ ራሱ ወስዶ ይሞላዋል። ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ መድኃኒት ይህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ይበቃል።

ቀጥሎ «ዶከር ዩዘር» የሚባለው ሰንሰለት። ዶከር ከ2017 ጀምሮ ለእኛ የተወው ቦታ ነው። እዚያ የጻፍነውን ከራሱ ሕጎች በፊት ያያል፣ አይነካብንምም። በአጥሩ በር ላይ ዘበኛ ማቆም ማለት ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ፓኬቱ እዚህ ሲደርስ አድራሻውም ፖርቱም ቀድሞ ተቀይሯል። 8080ን ወደ ኮንቴነሩ 80 ካዞራችሁ በኋላ እዚህ 8080ን ከልክል ብላችሁ ብትጽፉ ሕጉ ማንንም አይዝም፤ ፓኬቱ አሁን 80 ነውና። የመጀመሪያውን ፖርት ከግንኙነት መከታተያው ጠይቆ የሚያመሳስል ሕግ መጻፍ ያስፈልጋል። ሞንጎ ላይ ሁለቱም 27017 ስለሆኑ ስህተቱ አይታይም። ሌላ ኮንቴነር ላይ ይዛችሁት ስትሄዱ ነው ጉድ የሚፈላው።

አንዳንዶች ዶከር አይፒቴብልስን ጭራሽ እንዳይነካ የሚያደርገውን ቅንብር ይመርጣሉ። እኔ አልመክረውም። የኮንቴነሮቹ ኔትወርክ የቆመው በእነዚያ ሕጎች ላይ ነው። አጥፍታችሁ ሁሉንም በእጅ ለመጻፍ ካልተዘጋጃችሁ በስተቀር ኮንቴነሮቹ ወደ ውጭ መውጣት ያቅታቸዋል።

የክላውድ ኪራይ ድርጅታችሁ ከማሽኑ ውጭ የሚቆም ፋየርዎል ካለው እሱንም የክላውድ ቅንብርን በኮድ በሚያዝዘው ቴራፎርም ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዶከር ማሽኑ ውስጥ የፈለገውን ቢጽፍ ያኛው ላይ አይደርስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፈተናው ነው። በፕሌይቡኩ መጨረሻ ላይ በሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ከሌላ ማሽን የሚሠራ አንድ ተግባር ጨምሩ። አንሲብል «ዌይት ፎር» የሚባል ሞጁል አለው። አብዛኛው ሰው ፖርት እስኪከፈት ለመጠበቅ ይጠቀምበታል። ገልብጡት፦ የሕዝብ አይፒውን ስጡት፣ 27017ን ስጡት፣ የምትጠብቁት ሁኔታ «ቆሟል» ይሁን፣ አምስት ሰከንድ ይበቃዋል። ግንኙነቱ ከተሳካ ፕሌይቡኩ በቀይ ይቁም። ያ ማሽን ለሰርቨሩ ባዕድ መሆን አለበት። አይፒው ከተፈቀዱት ውስጥ ካለ ወይም በዚያው የግል ኔትወርክ ካለ የሚያየው እንደ ቤተሰብ ነው እንጂ እንደ እንግዳ አይደለም።

ፈተናው መምጣት ያለበት ኮንቴነሮቹ ከተነሱ በኋላ ነው። ፋየርዎሉን ቀድሞ አዋቅሮ፣ ፈትሾ፣ ከዚያ ኮንቴነር የሚያስነሳ ፕሌይቡክ የሚፈትሸው ቀዳዳው ሳይከፈት ነው። ከዚያም ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉትና ያንኑ ተግባር ብቻውን ደግማችሁ አስኪዱ፤ ዶከር ሲነሳ ሕጎቹን እንደገና ይጽፋል፣ ዶከር ዩዘር ላይ በእጅ የጨመራችሁት ሕግ ደግሞ ፋይል ላይ ካልተቀመጠ አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻም በየሰዓቱ በራሱ እንዲሄድ ክሮን ላይ አስቀምጡት። የክሌይ ሰርቨር ከመከፈቱ እስከ መሰረዙ የቆየው ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው።